በወረርሽኝ ጊዜ ውጭ አገር ከመሄድዎ በፊት የሚሄዱበትን ከተማ ሕክምና እንዴት ይመዝኑታል?

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቲኬት ቢሮዎች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ሻንጣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል፣ በየት በኩል ነው የሚያልፈው። እኔም ለዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው። «እዚያ ብንታመም የሚቀበለን አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣሁት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነበር። አክስቴ ለጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ዴልሂ ከሚገኝ ስመ ጥር ሆስፒታል ቀጠሮ ይዘው፣ ቤተ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሻንጣው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው የከተማው ሆስፒታሎች ኦክስጅን እያለቀባቸው መሆኑን ሰማን። በዚያው ሰሞን በሕንድ በአንድ ቀን ብቻ ከ400,000 በላይ ሰዎች በኮሮና ቫይረስ መያዛቸው ተመዘገበ። ቀጠሮ የሰጠን ሆስፒታል ሐኪሞች እነዚያው ጎበዝ ሐኪሞች ነበሩ፤ መሣሪያውም ያው ነው፤ የጠፋው አልጋው ነው። ጉዞውን ሰረዝን።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ጊዜ የገባኝን ነገር ይዤ ነው። ለተጓዥ የሕክምና ጥራት ማለት ሁለት ነገር ነው፦ ሆስፒታሉ ምን ያህል ይችላል፣ ያ ችሎታው ደግሞ እርስዎ በታመሙበት ቀን ለእርስዎ ይደርሳል ወይ። በደህናው ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ወረርሽኝ ሲመጣ ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው ግን የሚመዝነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሥራዎች ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጨርሱ። ቲኬት የቆረጠ ሰው መልሱን የሚሰማው ለመሄድ እንዲመቸው አድርጎ ነው።

1. ከራስዎ ጤና ይጀምሩ

የሚከታተልዎ ሐኪም ዘንድ ሄደው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በዚህ በሽታ ብያዝ የእኔ ሰውነት ምን ሊያስፈልገው ይችላል?» ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ዕድሜዎ ከገፋ፣ መልሱ ከጤነኛ ወጣት መልስ በጣም ይለያል። ለአንዱ የሚያስፈልገው ክኒንና ዕረፍት ነው። ለሌላው ኦክስጅን፣ ለሌላው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ ሰው ደግሞ «ጥሩ ሆስፒታል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃውም፤ «በወረርሽኙ የተያዘን ሰው የሚያጥብ ማዕከል አለ ወይ?» ማለት አለበት። የሐኪሙን መልስ በወረቀት ይያዙት። ከዚህ በኋላ የሚፈልጉት ነገር በሙሉ ከዚያ ወረቀት ይነሣል።

እግረ መንገድዎን በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይግዙ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ደህና ሳሉ ለጥቂት ቀናት ይለኩና ቁጥሩን ይመዝግቡ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤነኛ ሰው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዱባይ ወይም ባንኮክ ታመው 92 ቢያዩ «አዲስ አበባም እንዲሁ ነበርኩ» ብለው አይጽናኑ፤ እዚያ ዝቅታ ላይ ያ ቁጥር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ይህ መሣሪያ የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ሕሙማን ላይ በነጮች ላይ ከሚስተው ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት አሳይቷል። ቁጥሩ ደህና እያለ ትንፋሽ ካጠረዎ ቁጥሩን ሳይሆን ትንፋሽዎን ይመኑ። የጥፍር ቀለምም ንባቡን ያዛባል፤ አስለቅቀው ይለኩ።

2. አገሩን ሳይሆን ከተማውን፣ ዝናውን ሳይሆን ሳምንቱን ይመዝኑ

አገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጡ ሰንጠረዦች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የወጣው የዓለም የጤና ደኅንነት መለኪያ ለወረርሽኝ በመዘጋጀት አሜሪካን 1ኛ፣ ብሪታንያን 2ኛ አድርጎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች መካከል ተገኙ። የሰሜን ጣሊያኗ ሎምባርዲ ሀብታም ናት፤ ሕክምናዋም የተመሰገነ ነው። በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ግን ሐኪሞቿ ያለውን የመተንፈሻ መሣሪያ ለማን እንደሚሰጡ መምረጥ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ይህን የማነሣው ሰንጠረዦቹ ከንቱ ናቸው ለማለት አይደለም። የሚናገሩት ስለ ዓመታት ነው፤ እርስዎ የሚታመሙት ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአልጋውን ብዛት ይዩ። ጀርመን ለ1,000 ሰው ወደ 8 የሚጠጋ የሆስፒታል አልጋ አላት፣ ጣሊያን ወደ 3፣ ሕንድ ግን ከሁለቱም በጣም ያነሰ። የሕንድ ታላላቅ ሆስፒታሎች ከዓለም ምርጦች ጋር ቢወዳደሩም በዙሪያቸው ያለው ትርፍ አልጋ ጥቂት ስለሆነ ማዕበል ሲመጣ ቶሎ ይሞላሉ። ቀጥሎ የዚያን አገር ጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫ ለሁለት ሳምንት ይከታተሉ። የተያዙትን ሰዎች ቁጥር ሳይሆን ሆስፒታል የገቡትንና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉትን ይዩ፤ የተያዙት ቁጥር ምርመራ በበዛ ቁጥር ይበዛል፣ ምርመራ ሲቀንስም ይቀንሳል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ አካሄዱ ይበልጥ ይናገራል። ለ14 ቀን ሲወጣ የከረመ ቁጥር እርስዎ በሚደርሱበት ቀን ይወርዳል ብለው አይጠብቁ።

የጤና ባለሙያዎች እየታመሙ ነው ወይ የሚለውንም ይጠይቁ። ለእኔ ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈራ ምልክት ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ ሰው ይዞት የገባው ሜርስ የተባለ የመተንፈሻ አካል በሽታ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ 186 ሰዎችን አዳርሶ 38ቱን ገደለ፤ በአብዛኛው የተዛመተው በዘመናዊ ሆስፒታሎች ውስጥ፣ በተጨናነቁ የድንገተኛ ክፍሎች ነበር። ኮሪያ ከዚያ ተምራ ሕጓን አሻሻለች፤ በ2020 ምርመራ ፈጥነው ካስፋፉት አገሮች አንዷ የሆነችውም ለዚህ ነው። ሩዋንዳ በ2024 የማርበርግ ወረርሽኝ ሲገባባት ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ነገር ግን በሽተኞቹን በጽኑ ሕሙማን ክፍል በጥንቃቄ በማከም የሟቾቹን ቁጥር በ15 ገታችው፤ ከተያዙት መካከል የሞቱት ድርሻ በማርበርግ ታሪክ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ወረርሽኞች አንዱ ይህ ነው። አንድ አገር ባለፈው ወረርሽኝ ምን እንደደረሰበትና ምን እንዳስተካከለ ማወቅ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

የመጨረሻው ምንጭ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው፤ አጠያየቁን ግን ይወቁበት። «አገሩ እንዴት ነው?» ካሉ መልሱ «ደህና ነው፣ ኑ» ነው። ማንም ሰው ናፍቆት ይዞት ዘመዱን አትምጣ አይልም። ይልቅ «ባለፈው ወር ከምታውቁት ሰው ሆስፒታል የገባ አለ? ስንት ሰዓት ጠበቀ? ስንት አስከፈሉት? መኖሪያ ፈቃድ ነበረው?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ ሐቁ ይወጣል።

3. ሁለት ሆስፒታል ይምረጡና ይደውሉ

ከሚያርፉበት ቤት ወይም ሆቴል በግማሽ ሰዓት የሚደረስባቸው ሁለት ሆስፒታሎች ይለዩ፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የግል ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ቦታ የወረርሽኝ ሕሙማንን የሚቀበለው በመንግሥት የተመደበ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እኛም ዘንድ መጀመሪያ የተመደበው ኤካ ኮተቤ ነበር። የመረጡት ውድ የግል ሆስፒታል በር ላይ «ወደዚያ ሂዱ» ሊልዎ ስለሚችል፣ «ወደዚያ» የተባለው ቦታ ምን እንደሚመስል አስቀድመው ማወቅ አለብዎ።

የእውቅና ምስክር ወረቀት ካለው ጥሩ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው የሚታወቀው የጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናል ነው፤ የባንኮኩ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲያገኘው ከእስያ የመጀመሪያው ነበር። ምስክሩ ሆስፒታሉ ኢንፌክሽን እንዴት እንደሚቆጣጠር፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚሰጥ፣ በሽተኛን ከበሽተኛ እንዳያምታታ ምን እንደሚያደርግ ተመርምሯል ማለት ነው። በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደስ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን በሆስፒታሉ ገጽ ላይ ሳይሆን በሰጪው ድርጅት ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ስለ ዛሬ ባዶ አልጋ ግን ምስክሩ ምንም አይናገርም።

ከዚያ ስልክ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ለውጭ ታካሚዎች የተለየ ቢሮ አላቸው፤ ሠራተኞቹ ትሑቶች ናቸው፣ ሥራቸው ግን ታካሚ ማምጣት ነው። እኛ ለአክስቴ ስንደውል ያ ቢሮ እስከ መጨረሻው ቀን «ችግር የለም» ሲለን ነበር። በሌላ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ስንደውል ስልኩን ያነሣችው ነርስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ነገረችን። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍሉ ዘንድ ይደውሉ። ሥራ እንዳያስፈቱ አጠር አድርገው ይጠይቁ፦ ዛሬ አልጋ አላችሁ ወይ? መኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ ሰው ታስተኛላችሁ? ከመተኛቱ በፊት ስንት ታስይዛላችሁ፣ በየትኛው ገንዘብ? የወረርሽኙን ሕሙማን ከሌላው በተለየ ሕንፃ ነው የምታክሙት? አስታማሚ ይገባል? በዚህ ጉዳይ ላይ ደላላ የሚሰጥዎትን መልስ እንደ መልስ አይቁጠሩት፤ ክፍያው የሚመጣለት ከሆስፒታሉ ነው።

4. ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይወስኑ

ድንገተኛ ሕክምና በየአገሩ ሕጉ ይለያያል። አሜሪካ በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ሆስፒታሎች ድንገተኛ በሽተኛን ሳያዩና ሳያረጋጉ በገንዘብ ምክንያት እንዳይመልሱ ታዛለች፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። እንግሊዝ የኮሮና ምርመራና ሕክምናን ለጎብኚም ጭምር በነፃ አድርጋ ነበር፤ ጎብኚ በሌላ ሕመም ቢተኛ ግን ይከፍላል። በሌሎች ብዙ አገሮች ያሉ የግል ሆስፒታሎች ማስያዣ ካላዩ አልጋ አይሰጡም።

ወደ ሸንገን አገሮች ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ያስፈልገዋል። ታይላንድ በ2020 መጨረሻ ድንበሯን ስትከፍት ለኮሮና ብቻ 100,000 ዶላር የሚሸፍን ጠይቃ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያዩአቸው፤ ለቪዛ የሚበቃ መድን ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ላይበቃ ይችላል።

ውሉን ሲያነቡ ከፊተኛው ገጽ አይጀምሩ፣ «የማይሸፈኑ ነገሮች» ከሚለው ይጀምሩ። እኔ ከገዛኋቸው ውሎች በአንዱ ውስጥ ወረርሽኝ ተብሎ በታወጀ በሽታ የሚመጣ ወጪ እንደማይሸፈን በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኘሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ መድን ስገዛ እነዚህን ሳላይ አልፈርምም፦ የወረርሽኙን ሕመም በስሙ ጠቅሶ ይሸፍናል ወይ? አስቀድሞ የነበረ ሕመም ተካቷል? ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፍላል ወይስ እኔ ከፍዬ ደረሰኝ አምጣ ይለኛል? የለይቶ ማቆያውን ሆቴል ይከፍላል? መንግሥት «አትሂዱ» ባለው አገር ውሉ ይጸናል? በሕክምና አውሮፕላን መመለስስ አለበት? ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው መደበኛ አየር መንገድ ስለማይጭን ልዩ አውሮፕላን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። አስከሬን መመለስ የሚለውንም አይዝለሉት፤ ማንበቡ ይከብዳል፣ ግን እድራችን ድንኳን ከመትከልና ቤተሰብ ከማጽናናት አልፎ ከባዕድ አገር ሬሳ ለማምጣት አቅም የለውም።

«አምጣ ደረሰኝ» የሚለው ዓይነት መድን ለእኛ አገር ተጓዥ ከባድ ነው፤ ማስያዣውን በውጭ ምንዛሪ እዚያው ቆጥሮ መስጠት ይጠይቃል። ባንክዎን የካርድዎን ወሰን፣ ውጭ አገር መሥራቱንና የሚያገኙትን የምንዛሪ መጠን አስቀድመው ይጠይቁ። የሚሄዱት ለሕክምና ከሆነ ደግሞ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ጊዜ ስለሚወስድ በመጨረሻው ሳምንት አይጀምሩት።

5. አስታማሚ እንደማይኖርዎ አድርገው ያስቡ

ጥቁር አንበሳም ይሁን የካቲት 12፣ እኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። አጥሚቱን የምታመጣ አለች፣ መድኃኒት ሊገዛ የሚሮጥ አለ፣ ሐኪም ሲመጣ የሚጠይቅ አለ፣ ሌሊት ወንበር ላይ የሚያድር አለ። ይህን የሕክምናው ክፍል አድርገን አንቆጥረውም እንጂ ግማሹ እሱ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ በሌላ አገር ለብቻ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የሚያዩት ሰው ከእግር እስከ ራሱ ተሸፋፍኖ ይገባል፤ የሚናገረው ቋንቋ አይገባዎትም፤ ሕመም ሲጠናብዎ ደግሞ የሚያውቁት እንግሊዝኛም ይጠፋል።

ስለዚህ ድምፅ የሚሆንዎትን ሰው ከዚህ ሳይነሡ ይምረጡ። እዚያው ከተማ ያለ፣ ቋንቋውን የሚችል፣ ለሐኪም መልስ መስጠት የሚችል ሰው መሆን አለበት። ስለ ሕመምዎ ይንገሩት፣ ሐኪሙ ከጻፈው ወረቀት ቅጂ ይላኩለት። እርስዎ መናገር ቢያቅትዎ ሆስፒታሉ እንዲያነጋግረው የሚፈቅድ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ የገንዘብ ጉዳይ ካለበት ውክልናውን ከመሄድዎ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ያጽድቁ። የሚያውቁት ሰው ከሌለ የኢትዮጵያ ኤምባሲን ወይም ቆንስላን ስልክ፣ በከተማው ያለውን የኮሚኒቲ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይያዙ። ወላጅዎን የሚልኩ ከሆነ በዚህ ክፍል ላይ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጊዜ ይስጡ። እናት ሌላውን ላለማስቸገር «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ባዕድ ነርስ ደግሞ ያን ቃል እንዳለ ትቀበለዋለች።

ስልክ፣ ረጅም ገመድ ያለው ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ በትንሽ ቦርሳ ለብቻ ይሁን። አንሶላና ጫማ ይረሱ፣ እነዚህን ግን አይርሱ።

6. ወረቀትና መድኃኒት

የመድኃኒትዎን ስም በንግድ ስሙ ሳይሆን በሳይንሳዊ መጠሪያው ያስጽፉ፤ የንግድ ስም በየአገሩ ይለያያል። ወደ ዱባይና አካባቢው የሚሄዱ ከሆነ ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ዳያዜፓምና የመሳሰሉት ያለ ፈቃድ ሊያሳስሩ ስለሚችሉ የሐኪም ማዘዣና የአገሩን ጤና ሚኒስቴር ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ። የሕክምና ማስረጃዎ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። ክሊኒኩ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት የጻፈበት ወረቀት መድን ሲጠየቅ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሆኖ ይመጣል። የምርመራ ወረቀትም 72 ሰዓት ይሠራል ከተባለ ብዙ አገሮች የሚቆጥሩት ናሙና ከተሰጠበት ሰዓት ነው፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚለውን 20፡00 ብሎ ያጽፉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካስፈለገ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

7. መመለሻ አጥተው እዚያው ቢቀሩስ?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ በተሰማ በቀናት ውስጥ ብዙ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ በሚመጣ ሰው ላይ በራቸውን ዘጉ። እኛም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከውጭ የሚገባን ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል አስቀምጠን ነበር። ስለዚህ ለአሥር ቀን የሚሄድ ሰው የአንድ ወር መድኃኒት፣ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ የመኖሪያ ወጪና የሚራዘም ቪዛ ያስብ። ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ውድ ቢሆንም በእንዲህ ያለ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው።

8. ውሳኔው

መልሶቹን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ አልጋ፣ ከፋይ፣ ተናጋሪ። በሦስቱም አንጻር የሰው ስም ወይም ቁጥር መጻፍ ከቻልኩ እሄዳለሁ። በአንዱ አንጻር «እግዚአብሔር ያውቃል» የምጽፍ ከሆነ ቀኑን እገፋለሁ። ሠርግ ይገፋል፣ ጉብኝት ይገፋል፣ ንግድም በአብዛኛው ይገፋል። ለቅሶና የማይቆይ ሕክምና ግን አይገፉም፤ ያን ጊዜ ጥያቄው «ልሂድ ወይስ ልቅር» ሳይሆን «የጎደለውን በምን ልሙላው» ይሆናል። ለሕክምና የሚሄድ ሰው ደግሞ ያው ሕክምና እዚህ ይሰጥ እንደሆነ ከሁለተኛ ሐኪም ይጠይቅ። አክስቴ ጉልበታቸውን በመጨረሻ ያሠሩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ልጆቻቸው በየተራ አደሩላቸው።

በኋላ ልጃቸውን ለማየት ወደ ዱባይ ሲሄዱ አንዲት ወረቀት አዘጋጀሁላቸው። የደም ዓይነታቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ እዚህ ደህና ሳሉ የነበረው የኦክስጅን ቁጥር፣ የሁለቱ ሆስፒታሎች አድራሻ፣ የመድኑ የ24 ሰዓት ስልክ፣ የልጃቸው ስልክ፣ የአምቡላንስ ቁጥር 998። በአንድ ፊት በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ። አንዱን በፓስፖርታቸው ሽፋን ውስጥ፣ አንዱን በቦርሳቸው አደረግን፤ ሦስተኛው ቅጂ እኔ ቤት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ እስኪመለሱ ቆየ። የእርስዎንም እንዲሁ በሦስት ያባዙት። ባንኮክ ከሆነ የአምቡላንሱ ቁጥር 1669፣ ኢስታንቡል ከሆነ 112 ነው።